ዝናብ ሲጥል የሚጠፋ የስፖኪዮ ካሜራ፦ ካሜራው ነው፣ ስፖኪዮው ነው ወይስ ሽቦው?

ነጯ_ቪትዝ
ሰላም ለዚህ ቤት። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚገባው ሰው ካለ እርዳታ ፈልጌ ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የ2003 እ.ኤ.አ. ስሪት። ከሁለት ዓመት በፊት የኋላ ካሜራ አስገጠምኩ። ምስሉ የሚታየው በውስጠኛው ስፖኪዮ ላይ ነው። ያ በነባሩ ላይ በላስቲክ የሚታሰረው ዓይነት፣ 4.3 ኢንች ስክሪን ያለው። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ይበራል፣ ሳወጣ ይጠፋል። እስከ ዘንድሮ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር እሱም ጀመረው። ማርሽ አስገባለሁ፣ ስፖኪዮው ይበራል፣ ምስሉ ላይ አግድም መስመሮች ይንከባለላሉ፣ ወዲያው ሰማያዊ ሆኖ «ኖ ሲግናል» ይላል። ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥርት ብሎ ይታያል። ትናንት ግቢ ውስጥ የጎረቤቴን የአበባ ማሰሮ ገጭቼ ዶግ አመድ አደረግሁት።

የገጠመልኝ ልጅ ጋ ሄድኩ። አየት አደረገና «ስፖኪዮው ተቃጥሏል፣ ካሜራውም ውሃ ገብቶበታል፣ ሁለቱንም እንቀይር» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የወር ነዳጄን ይበልጣል። አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ እንዴት አወቀ? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሳሪሱ
እህቴ ካሜራው ሞቷል፣ አትድከሚ። ዝናብ ሲሆን ጠፋ ማለት ውሃ ገባ ማለት ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። የኔም ባለፈው ክረምት ልክ እንዲህ አድርጎኝ አውጥቼ ጣልኩት። ሶማሌ ተራ ወይ መርካቶ ዞር ዞር በይ፣ ካሜራ ብቻውን ታገኛለሽ። ስፖኪዮውን ተዪው።

አንገት_አዙር
እኛ አንገታችንን አዙረን ነው መንዳት የተማርነው። ካሜራ ምናምን እያላችሁ ሹፌርነት ጠፋ።

ነጯ_ቪትዝ
አንገት_አዙር፣ ቁመቴን ብታይ እንዲህ አትልም። አንገቴን ሳዞር የሚታየኝ የወንበሩ ትራስ ነው 😄

ጋሽ_ቴስተር
ልጄ፣ ምንም ነገር እንዳትገዢ። ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ ሳይያዝ የተሰጠ ፍርድ ፍርድ አይደለም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። መጀመሪያ ስክሪኑ ራሱ የሚለውን እንስማ። የኋላ ማርሽ ስታስገቢ ስፖኪዮው ጭራሽ ካልበራና ጥቁር እንደሆነ ከቀረ፣ ችግሩ እሱን በሚያበራው መስመር ላይ ነው። ወይ ፊውዝ ነው፣ ወይ የስፖኪዮው ፖዘቲቭ ነው፣ ወይ ደግሞ ከኋላ ማርሽ መብራት ተነስቶ «አሁን ብራ» የሚለው ቀጭኑ ቀይ ሽቦ ነው። በርቶ ሰማያዊ ከሆነ ግን ስፖኪዮው ደህና ነው፤ ያጣው ምስል ነው። የተቃጠለ ነገር «ኖ ሲግናል» ብሎ አይጽፍም።

ምስሉ ጉም ለብሶ ነጭ ቢሆን ኖሮ ሌንሱ ውስጥ ውሃ አለ እል ነበር። አንቺ ጋ ግን መስመር ነው የሚንከባለለው። መስመር ሲንከባለል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማሳ ነው። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ ኔጌቲቭ የሚመለስበት የመኪናው ቆርቆሮ ነው። ሰው ሁሉ ፖዘቲቩን ያያል፣ መመለሻውን የሚያይ የለም።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። የኋላ ማርሽ ስታስገቢ ነጮቹ መብራቶች ይበራሉ ወይ? የካሜራው ጥቁር ሽቦስ የት ላይ ነው የታሰረው?

ስታኞ
ጋሼ ልክ ናቸው። በዚያ ላይ እዚህ አገር የሚገጠም ካሜራ ዘጠና እጁ ሽቦ ጠምዝዞ በስኮች መጠቅለል ነው። ስኮቹ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይቀልጣል፣ ክረምት ሲመጣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። ከዚያ «ካሜራው የቻይና ነው» ይባላል። ቻይና ምን አደረገ!

ነጯ_ቪትዝ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ቴስተር አለው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አብረን ከፈትነው።

ነጮቹ መብራቶች ሁለቱም ይበራሉ። ካሜራው ያለው የኋላ በሩ ላይ፣ ከታርጋው በላይ ነው። የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ ስናነሳ የካሜራው ቀይ ሽቦ ከበሩ ወደ መኪናው አካል በሚሻገረው የጎማ ቱቦ አልፎ ወደ ግራው የኋላ መብራት ይሄዳል። ጥቁሩ ግን እዚያው በሩ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ታስሯል። ስታኞ እንዳለውም ቀዩ በስኮች የተጠቀለለ ነው፣ ስነካው እጄ ላይ ተጣበቀ።

ሞተር አጥፍተን፣ ቁልፍ ከፍተን፣ የኋላ ማርሽ አስገብተን፣ የካሜራውን ሶኬት ነቅለን ለካን። 12.3 ቮልት። ይኼ ደህና ነው አይደል?

የሳሪሱ
አላልኩም? 12.3 እየደረሰው ካልሠራ ካሜራው ነዋ። ተዘጋ ፋይሉ።

ጋሽ_ቴስተር
የሳሪሱ፣ ቀስ በል ወንድሜ። ፋይሉ ገና መከፈቱ ነው።

ሶኬት ተነቅሎ የሚለካ ቮልት ያታልላል። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ከሃያ ክር አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ ለቴስተር ሙሉ 12 ያሳያል። ልክ የሰፈራችን ቧንቧ ነው። ጫፉን በጣትሽ ስትይዢው ግፊቱ ያስፈራል፣ ባልዲ ስታስቀምጪለት ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ ነው የሚለካው። እኔ በ21 ዋቱ የማርሽ መብራት አምፖል ነበር የምፈትነው። በ12 ቮልት ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፣ ደካማ ሽቦ አያልፈውም። ካሜራ የሚስበው ከዚያ በብዙ ያንሳል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ካሜራውን ከሥራው ውጪ እንፈትነው። ቀይና ጥቁሩን ከመኪናው ሽቦ ለዪና በረጃጅም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ስጪው። ቀዩ ላይ የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ አስገቢበት፣ ያለ ፊውዝ ባትሪ ላይ እንዳትጫወቺ። የቪዲዮ ገመዱ ቢጫ ሶኬት እንደተሰካ ይቆይ። የኋላ ማርሽ አስገቢና ስፖኪዮውን እዪ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን።

ማሜ_ቨርጂኒያ
ከሩቅ ልግባ? እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ከሜይ 2018 ወዲህ የሚሠራ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ የኔ አሮጌ ግን ከዚያ በፊት ስለሆነች ራሴ ነው የገጠምኩላት። አውሮፓ ሠራሽ ናት። የኔ ችግር ሌላ ነበር፣ ምስሉ ይርገበገባል። ለካ እንደነዚህ ያሉ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ለኋላ መብራት የሚልከው ወጥ የሆነ 12 ቮልት አይደለም፣ እየቆራረጠ ነው። አምፖል ክሩ ስለጋለ አይታወቀውም፣ ካሜራ ግን እያንዳንዷን መቆረጥ ይቆጥራል። ካፓሲተርና ዳዮድ ያለበት ትንሽ ማጣሪያ መሃል ላይ ሳስገባ ዳነ።

የቪትዟ ግን ይኼ አይመስለኝም። የድሮ ቶዮታ ቀጥተኛ ነው። ማርሹ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ስዊች ይጫናል፣ መብራቱ ይበራል፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም። ገመዱን ከስፖኪዮ ወደ ኋላ ስትወስዱ በመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ የምታሳልፉ ከሆነና መኪናው የመጋረጃ ኤርባግ ካለው፣ ገመዱ ከኤርባጉ ፊት ለፊት እንዳይሆን። ከኋላው ነው የሚያልፈው።

ነጯ_ቪትዝ
ከባትሪ በቀጥታ ሰጠነው። ምስሉ እንደ ብርጭቆ ጠራ! ወንድሜ ደግሞ «የሳሪሱ እንዲያምን» ብሎ አንድ ማሰሮ ውሃ ካሜራው ላይ ቸለሰበት። አልጠፋም። ሦስት ጊዜ ቸለሰ፣ አልጠፋም።

ስለዚህ ካሜራውም ስፖኪዮውም ደህና ናቸው ማለት ነው? ልጁ ሁለቱንም ሊሸጥልኝ ነበር እኮ!

የሳሪሱ
ማሰሮ ውሃና የሐምሌ ዝናብ አንድ ነው እንዴ? 😅 እሺ ካሜራውን ተውኩት። ግን ለምን በዝናብ ብቻ?

ጋሽ_ቴስተር
እሱን ነው አሁን የምንፈልገው። ካሜራውን ወደ ቦታው መልሺው። አሁን መመለሻውን እንለካ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊ፣ አንዱን ጫፍ የካሜራው ጥቁር ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ሁለቱም ማሳ ናቸው፣ በመካከላቸው ዜሮ መሆን አለበት። እስከ 0.1 ቮልት አልጣላም። ከ0.2 ካለፈ መንገዱ ላይ የሚያነቅ ነገር አለ።

ነጯ_ቪትዝ
የድሮ ስፒከር ሽቦ ቀጥለን ለካን። ካሜራው እየሠራ 0.08 ቮልት። ማሳውም ደህና ሆነ! አሁን እንግዲህ ምን ቀረ? ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ነው፣ ምስሉ አይጠፋም። የማይታመም በሽተኛ ይዤ ሐኪም ቤት የሄድኩ መሰለኝ።

ጋሽ_ቴስተር
አይዞሽ። እናሳምመዋለን።

አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ አስቢ። ዝናብ ሲጥል መኪናው ውስጥ ገብተሽ የምትነኪያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ንገሪኝ። ፀሐይ ሲሆን የማትነኪያቸውን።

ነጯ_ቪትዝ
የፊት ዝናብ መጥረጊያ። መብራት። ቬንትሌተር ወደ መስታወት። የኋላ መጥረጊያ አንዳንዴ። የኋላ መስታወት ማሞቂያም አበራለሁ፣ በልማድ ነው እንጂ እሱ እንኳ ጥቅም የለውም። ማብሪያው ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ትበራለች፣ መስታወቱ ግን እንደተሸፈነ ነው የሚቀረው። ከዓመት በላይ ሆኖታል።

ጋሽ_ቴስተር
በይ ተነሺና ሂጂ! የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አብሪና ያንኑ ልኬት ድገሚው። ቴስተሩ እንደታሰረ፣ ካሜራው እንደበራ።

ነጯ_ቪትዝ
ጋሼ!!!

ማብሪያውን ስጫን 0.08 የነበረው 5.6 ሆነ። ምስሉ ሁለት ጊዜ ተንከባለለና ሰማያዊ። «ኖ ሲግናል»። ሳጠፋው ተመለሰ። ሳበራው ጠፋ። በጠራራ ፀሐይ! ወንድሜ አሥር ጊዜ አበራ አጠፋ፣ እንደ አሻንጉሊት።

ዝናብ አይደለም ማለት ነው። እኔ ነኝ እንዴ ሳጠፋው የኖርኩት?

ስታኞ
እጅ ነሳሁ ጋሼ። እኔም አልመጣልኝም ነበር።

ደራ_ዱባይ
ቆይ አልገባኝም። የመስታወት ማሞቂያና የካሜራ ሽቦ ምን አገናኛቸው? ፊውዛቸው እንኳ ለየብቻ ነው።

ጋሽ_ቴስተር
ፖዘቲቫቸው ለየብቻ ነው፣ ልክ ነህ። የሚገናኙት ሲመለሱ ነው።

የኋላ በር በማጠፊያ የተንጠለጠለ ነው። ማጠፊያው ቀለም አለው፣ ግሪስ አለው፣ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው ለበሩ የራሱ የማሳ ሽቦ ያደርግለታል። ሽቦው በጎማው ቱቦ ውስጥ ያልፍና ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። የመስታወቱ ማሞቂያ፣ የታርጋው መብራት፣ የኋላ መጥረጊያ፣ አሁን ደግሞ ካሜራው፣ ሁሉም የሚመለሱት በዚያች አንዲት ሽቦ ነው። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦዋ ትታጠፋለች። ከዓመታት በኋላ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ያለው መዳብ ክር በክር ይበጠሳል።

ካሜራ ብቻውን ሲሆን የቀሩት ሁለት ሦስት ክሮች ይበቁታል። 0.08 ያየሽው ለዚያ ነው። ማሞቂያው ግን ከ10 አምፔር በላይ የሚፈልግ ነገር ነው። ያን ሁሉ በዚያች ክር ሲገፋ አያልፍም፣ የበሩ ቆርቆሮ ራሱ ወደ 5 እና 6 ቮልት ይነሳል። የካሜራው ማሳ የታሰረው እዚያው ቆርቆሮ ላይ ነው። ከ12ቱ 6 ብቻ ቀረው ማለት ነው። ማሞቂያውም የሚደርሰው ግማሽ ስለሆነ መስታወቱን አያጠራም።

መስመሩ የሚንከባለለው ደግሞ ለምንድነው? የቪዲዮ ምልክቱ 1 ቮልት ገደማ ናት። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በቪዲዮ ገመዱ የውጪ ጥልፍ በኩል ወደ ስፖኪዮው ሊሄድ ይሞክራል። አንዲት ሕፃን የምትሄድበት መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲለቀቅ አስቡት። ስለዚህ ቦታውን እስክታስጠግኚ ማሞቂያውን አታብሪ፣ ያ ቀጭን ገመድ ሊግል ይችላል።

ለመሆኑ የታርጋ መብራትሽስ ደህና ይበራል?

ነጯ_ቪትዝ
ደብዛዛ ነው! ባለፈው ወር ማታ ትራፊክ አስቁሞኝ «ታርጋሽ አይታይም» ብሎኝ አምፖሉን ቀይሬ ነበር። አዲሱም እንደዚያው ደብዛዛ ሆነ። አምፖሉ ፌክ ነው ብዬ ሱቁን ስረግም ነበር።

ወንድሜ ነገ ጎማውን ቱቦ እናውልቀው ይላል። የትኛውን ሽቦ እንፈልግ? ብዙ ናቸው።

ጋሽ_ቴስተር
ቶዮታ ላይ ማሳ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ነው። ጠበቅ አድርገሽ ጎትቺው። ደህና ሽቦ አይለጠጥም። እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ውስጡ መዳብ የለም።

ስታኞ
ስትጠግኑት አንድ ነገር። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ስታኞ፣ ያ ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዘው ብረት፣ አትጠቀሙ። ስሜ ስታኞ ሆኖ ይኼን ስል ይገርማል፣ ግን ስታኞ የጠጣ ሽቦ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ በሳምንት እዚያው ጫፍ ላይ ይበጠሳል። አንድ ሃያ ሴንቲ ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ውሰዱና መገጣጠሚያዎቹ ከጎማው ቱቦ ውጪ፣ አንዱ በሩ ውስጥ አንዱ ጣሪያው ውስጥ እንዲውሉ አድርጉ። ውፍረቱ ከነባሩ አይነስ። በእሳት የሚጠብቀውን ላስቲክ አልብሱት። ስኮች ካየሁ ከዚህ ውይይት እወጣለሁ።

ሌሎቹንም ሽቦዎች አንድ በአንድ ጎትታችሁ እዩአቸው። ጎረቤቶቹም እኩል ነው የታጠፉት።

ነጯ_ቪትዝ
ሠርተን ጨረስን። ጎማውን ቱቦ አውልቀን ነጭና ጥቁሯን ስጎትታት ተለጠጠች። ወንድሜ ላስቲኳን በምላጭ ሲሰነጥቃት ውስጧ አረንጓዴ ዱቄት ነበር፣ ከዱቄቱ መሃል ሦስት የፀጉር ክር የመሰሉ መዳቦች። ሦስት! ያ ሁሉ ነገር በነዚያ ላይ ነው ሲመለስ የኖረው። አጠገቧ ያለች የመጥረጊያው ሽቦም ግማሽ ሄዳ ነበር፣ እሷንም ቀየርናት።

አሁን ማሞቂያው በርቶ፣ መጥረጊያው እየሄደ፣ ካሜራው እየሠራ ማሳው 0.06 ቮልት ነው። መስታወቱ በአምስት ደቂቃ ጠራ። የታርጋ መብራቱም እንደ ፓውዛ ሆነ። ለሽቦውና ለላስቲኩ ያወጣሁት ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፣ ካሜራውን መልሰን ስንገጥም ግራና ቀኙ ተገለበጠ። በስተግራ ያለው አጥር በስተቀኝ ይታየኛል።

ማሜ_ቨርጂኒያ
ብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ ከገመዱ የሚወጡ ትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች አሉ፣ አንዷ ለፓርኪንግ መስመር አንዷ ምስሉን ለመገልበጥ። ስትፈቱ ስትገጥሙ አንዷ ተቆርጣ ወይ ተላቃ ይሆናል። ቀለማቸው ከካሜራ ካሜራ ስለሚለያይ ዝም ብለሽ አትቁረጪ። የተላቀቀች ካለች መጀመሪያ እሷን አገናኚና እዪ።

ነጯ_ቪትዝ
አዎ! ነጯ ቀለበት ተበጥሳ ነበር። ሳገናኛት ተስተካከለ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለጎረቤቴም አዲስ ማሰሮ ገዝቻለሁ።

ጋሽ_ቴስተር
አሜን ልጄ። ለወንድምሽ ግን አንድ ማኪያቶ ጨምሪለት፣ ሥራውን የሠራው እሱ ነው።

የሳሪሱ
እኔ ይኼን ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ወጥቼ የኔን መኪና የኋላ ማሞቂያ አበራሁ። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። መስታወቱ አልጠራም። የበሩን ጎማ ቱቦ ገልጬ ነጭና ጥቁሯን ስጎትታት ተለጠጠች።

ባለፈው ክረምት የጣልኩት ካሜራ ገንዳው ውስጥ ይኖር ይሆን?